ሦስተኛው ሲሊንደር

አሥራ አንድ አርብ ፈታሁ፣ በአሥራ ሁለተኛው ገጠምሁ፤
ከዓጅማኑ ቤት ጓሮ ሸራ ወጥሬ ተቀመጥሁ።
ሂሉክስ ናት፤ የአሮጌም አሮጌ፣ ጨው የበላው ጎኗ፤
ከዓሣ ነጋዴ ነው የገዛኋት፣ ዛሬም አልለቀቃት ጠረኗ።
ፒስተን ገባ፣ ፋሻ ገባ፣ ቴስታታዋ ተላገ፤
ለአንዲት ጉርኒሲዮን ብቻ ስንቱ ሱቅ ተፈለገ።
ሁሉም አልቆ አንዲት ብሎን ከጣሳ ውስጥ ተረፈች፤
"የየት ነሽ?" ብላት፣ በዘይት ፊቷ አፈጠጠች።

ቁልፉን አዞርኩ።
ተነሣች! እንደ ሐር ክር ሳትቋጠር ተሳበች፤
እኔም ጮኽኩ፤ የጎረቤት ድመት ከአጥር ዘለለች።
ሙቀቷ ግማሽ ሲደርስ ግን
ዱግ ዱግ ዱግ — ዝም።
ዱግ ዱግ ዱግ — ዝም።
ሚኒሞ ላይ ስትቆም ገላዋ ሁሉ ይርገፈገፋል፤
መሪው በእጄ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል።

ካንዴላ ነው አልኩ፤ ቀየርኩ።
ቦቢና ነው አልኩ፤ የሰው ተውሼ ሞከርኩ።
ካርቡራቶሩን አጥቤ ቀዳዳውን በአፌ ነፋሁ፤
የቤንዚን ጣዕም ምላሴ ላይ ይዤ ሁለት ቀን በላሁ።
ኋላ ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ አዳመጥኩ፦
አንደኛው ሲነቀል ደከመች፣ ሁለተኛው ሲነቀል ቃተተች፤
ሦስተኛውን ብነቅለው — ምንም አላለች።
እንደ ተሰረዘ ስም፣ ከቀበሌ መዝገብ፤
ቤንዚኑን እኩል እየበላ የማይሠራ ለቤተሰብ።

ሰናዒያ ወረድኩ፣ ጉል ዛማን ዘንድ፣ ዕቃ ወደሚሸጠው፤
በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማው።
እሱ በቋንቋው አንድ ነገር አለ፣ እኔም በቋንቋዬ መለስኩለት፤
በመካከላችን ባለው ዓረብኛ ሁለታችንም አነከስንበት።
"ሽጣት" አለኝ በመጨረሻ፤ ይህስ በደንብ ገባኝ፤
የጠራው ዋጋ ግን የጎማዋን ያህል እንኳ አልሆነኝ።

ነሐሴ ነው። አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጫናል፤
ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እንኳ መፍቻ በላብ ይንሸራተታል።
ጎንበስ ብዬ ስረግማት በመስኮቱ ብቅ አለች ፈዲላ፣
እህቴ፣ አባያ ሰፊዋ፣ መርፌ ከንፈሯ ላይ እንዳለ፦
"ሲበርዳትማ ደህና ናት፤ ስትሞቅ ነው ስፌት የምትዘለው።
ማሽንም እንዲህ ያደርጋል፣ ክሩን ያለ ልክ ሲያጠብቁት።"
ይሄ ብረት ነው፣ ክር የለውም፣ ልላት አፌን ከፈትኩና
እንደከፈትኩ ቀረሁ።

ቫልቩ! ያን አርብ ስገጥም፣ ይንኳኳብኛል ብዬ ፈርቼ፣
ጠርቅሜው ነበር፣ የፀጉር ያህል ክፍተቱን ዘግቼ።
ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የሚረዝምበት ካጣ፣
በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ጉልበቱ በዚያ ሾልኮ ይወጣ።
ፊለር ጌጇን፣ ያቺን ከቅጠል የማትወፍር ቆርቆሮ፣
ባስገባት አልገባ አለች፤ እንደ ሰው ፊት ተቋጥሮ።
ፈታ አደረግኩ። ትንሽ ታግላ፣ ዘይት ልሳ፣ አለፈች፤
ሦስት አሥረኛ ሚሊ።
የነፈግኩት ይቺን ነው።

አስነሣኋት። ሞቀች። ግማሹን አልፋ ሞቀች።
ሞተሩ ላይ ዲርሃም በጠርዟ ባቆም ወደቀች፤
ይሁን። ሦስተኛውም ከወንድሞቹ እኩል ይመታል፤
ትክ ትክ የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ከላይ ይሰማል።
ፈርቼው የነበረው ድምፅ እሱ ነው። ጤና መሆኑን አላወቅኩም።

መፍቻዎቹን ልመልስ ሳጥኔን ስከፍት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣
"ለደኅንነትሽ" ብዬ ሁለት ዓመት የያዝኩት ፓስፖርቷ አለ።
ማስቀት ጓደኛዋ ሱቅ ከፍታለች፤ ስንቴ ነገረችኝ፤
ስንቴ "እስኪ እናያለን" አልኳት።
እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ሁለቴ ጠረግኩ፣
ገብቼ ስፌት ማሽኗ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አኖርኩት።
ቀና ብላ አየችኝ፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ብሎኗ አሁንም ጣሳው ውስጥ ናት።
የየት እንደሆነች ዛሬም አላወቅኩም።